ዘለላው ከመውጣቱ በፊት ቅጠሉን ቁጠሩ

መስከረም ላይ በኮምቦልቻ ዞር ዞር ያለ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው አረንጓዴ ላይ ነው። ቦርከና ደፍርሶ ይወርዳል፤ ዙሪያውን ያለው ጋራ የአደይ አበባ ቢጫ ለብሷል። በየግቢው ጥግ የቆመው ሙዝ ግን ከዚህ ሁሉ ልምላሜ መሀል እሳት የገረፈው ይመስላል። የታችኞቹ ቅጠሎች ደርቀው ግንዱ ላይ ተንጠልጥለዋል። የመካከለኞቹ ጠርዛቸው አርሮ ገጻቸው በቡናማ ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ጤነኛ የሚባሉት ከላይ ያሉት ሁለት ሦስት ቅጠሎች ብቻ ናቸው።

ባለፈው ዓመት በዚሁ ወቅት አንዲት ጎረቤታችን፣ እኔ እማማ የምላቸው እናት፣ ጠርተው በጓሯቸው ያለውን ሙዝ አሳዩኝ። «ልጄ፣ ብርድ ነው የመታብኝ?» አሉኝ። ልጃቸው ደግሞ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ ውሃ አንሶት ነው ባይ ነበር። ዘለላው ወጥቷል፤ ጣቶቹ ግን ቀጫጭን ናቸው፣ ማዕዘናቸው አልሞላም፣ አንዳንዶቹም ሳይጎለምሱ ቢጫ ማለት ጀምረዋል። ብርድም ጥማትም አልነበረም። ቅጠል የሚበላ ፈንገስ ነው። እኔ በተጠራሁበት ቀን ደግሞ ለዚያ ዘለላ ሊደረግ የሚችለው ነገር አብዛኛው አልፎ ነበር። እማማ ያን ዕለት የጠየቁኝን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቅ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳ።

በሽታው ሲጋቶካ ይባላል። ፊጂ በተባለችው የደቡብ ፓሲፊክ ደሴት አገር ሲጋቶካ የሚባል ሸለቆ አለ። ፈንገሱ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1902 በጃቫ ቢሆንም በ1912 እና በ1913 የዚያን ሸለቆ ሙዝ ክፉኛ ስለመታው በሸለቆው ስም ቀረ። እዚያው ፊጂ ውስጥ በ1963 ደግሞ ከእሱ የባሰ ወንድሙ ተገኘ። ቅጠሉን ቶሎ ስለሚያጠቁረው ጥቁር ሲጋቶካ ተባለ፤ የመጀመሪያው ከዚያ ወዲህ ቢጫ ሲጋቶካ ተብሎ ይለያል። ጥቁሩ በ1970ዎቹ ማዕከላዊ አሜሪካም አፍሪካም ደርሷል።

ሁለቱ በጠባይ ይለያያሉ። ጥቁሩ ሙቀት ይወዳል፣ ቆላውን ይመርጣል። ቢጫው ቀዝቀዝ ያለ አየር የበለጠ ይችላል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ወይና ደጋ ከተማ ስለሆነች በእኛ ግቢ መጀመሪያ ልንጠረጥረው የሚገባን ቢጫውን ነው። ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ ሲወረድ፣ ምድሩም ሲሞቅ፣ ሌላኛውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ደግነቱ መከላከያው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ተክሉ እንምጣ፤ የሙዝን አሠራር ሳያውቁ በሽታውን መረዳት አይቻልምና። ሙዝ ዛፍ አይደለም። ግንድ የምንለው የቅጠሎቹ እግሮች እርስ በርስ ተጠቅልለው የሠሩት ምሰሶ ነው። እውነተኛው ግንድ መሬት ውስጥ ያለው ድብልብል ሥር ነው። አዲስ ቅጠል የሚወለደው ከዚያ ከታች ነው፤ እንደ ተጠቀለለ ሰሌን ሆኖ በምሰሶው መሀል ሽቅብ ይወጣና ጫፍ ላይ ይዘረጋል። በሞቃት አገር በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ አንድ ቅጠል ይወጣል። እንደ እኛ ባለ አየር ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። አንድ ተክል በዕድሜው ሠላሳ፣ አርባ ያህል ቅጠል ያወጣል።

ከዚያ አንድ ቀን በዚያው መንገድ የሚወጣው ቅጠል መሆኑ ይቀርና አበባው ይመጣል፤ ዘለላው ይዘረገፋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ተክል አንድም አዲስ ቅጠል አያወጣም። ማብቀያው ጫፍ ራሱ ዘለላ ሆኗልና። ጣቶቹን የሚሞላው ምግብ በሙሉ የሚዘጋጀው በዚያን ቀን በነበሩት ቅጠሎች ነው። ዘለላው እስኪደርስ በሞቃት አገር ሦስት ወር ገደማ ይበቃዋል፤ በእኛ አየር አራት ወርና ከዚያም በላይ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ የወደቀ ቅጠል ምትክ የለውም።

ስለዚህ ዘለላው በወጣበት ቀን ቢያንስ ስምንት ጤነኛ ቅጠል መኖር አለበት፤ አሥርና አሥራ ሁለት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። እማማ ጓሮ የነበረው አምስት ብቻ ነበረው፤ ከአምስቱም ሁለቱ ግማሻቸው ደርቋል። ሲጋቶካ ሙዝን አይገድልም። ተክሉ ቆሞ ይታያል፣ ልጆቹም ከሥሩ ይበቅላሉ። ሰው «ይሁን፣ አልሞተም» ብሎ የሚተወውም ለዚህ ነው። የሚወስደው ምርቱን ነው። በከፋ ጊዜ የዘለላው ክብደት በግማሽ ሊቀንስ ይችላል፤ ቅጠል ያጣ ዘለላ ደግሞ ያለ ጊዜው ስለሚበስል ሳይሸጥ ይበላሻል።

ፈንገሱ የሚገባው እንዴት ነው? የፈንገስ ዘር፣ ባለሙያዎች ስፖር የሚሉት፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ ነው። መኖሪያው የታመመውና የደረቀው ቅጠል ነው። ዝናብ ወይም ጤዛ ያንን ደረቅ ቅጠል ሲያርሰው አንዱ ዓይነት ዘር ወደ አየር ይወረወርና ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ሌላው ዓይነት በነጠብጣቦቹ ላይ ተሠርቶ ከውሃ ጠብታ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱም የሚያርፉት ከሁሉ ይልቅ ለጋ በሆነው፣ ገና በመዘርጋት ላይ ባለው ቅጠል ላይ ሲሆን ነው ጉዳቱ የሚከፋው። ቅጠሉ ለተወሰኑ ሰዓታት እርጥብ ሆኖ ከቆየ ዘሩ ይበቅልና ቅጠሉ በሚተነፍስባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ወደ ውስጥ ይገባል።

ሕመሙን ልብ ብላችሁ ካያችሁት አመጣጡን ይነግራችኋል። ነጠብጣቡ በቅጠሉ ጫፍ አካባቢ ከበዛ ዘሩ ቅጠሉ ገና እንደ ተጠቀለለ ጫፉ ብቻ ብቅ ባለበት ጊዜ በነፋስ መጥቶ አርፎበታል ማለት ነው። በመስመር ተሰልፎ ከታየ ደግሞ ውሃ ከላይኛው ቅጠል እየተንጠባጠበ ዘሩን ወደ ጥቅሉ እንዳወረደው ይጠቁማል።

ከገባ በኋላ ግን ዝም ይላል። ምልክቱ እስኪታይ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ያህል ይወስዳል፤ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ይረዝማል። በዚህ መካከል ሌሎች አዳዲስ ቅጠሎች ከላይ ስለሚወጡ የተለከፈው ቅጠል ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ እየሆነ ወደ ታች ይወርዳል። ሰው ነጠብጣቡን መካከል ላይ ሲያየው በሽታው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ በሽታው የገባው ከላይ፣ ቅጠሉ ሲወለድ ነው። መስከረም ላይ ተቃጥሎ የምናየው ቅጠል የተለከፈው በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ነው። ነጠብጣብ አይቶ ወደ መድኃኒት መሸጫ የሚሮጥ ሰው የሚያክመው ያለፈውን ወር ነው።

በእርግጥ ሲጋቶካ መሆኑን ለማወቅ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አድርጋችሁ እዩት። ቢጫው ሲጋቶካ ሲጀምር ከአንድ ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ፈዛዛ ቢጫ ነጥብ ናት። ከዚያ በቅጠሉ ጅማት አቅጣጫ ትንሽ ጭረት ትሆናለች፤ ትሰፋና ዝገት ትመስላለች። በመጨረሻ እንቁላል ቅርጽ ያለው ነጠብጣብ ትሆናለች፤ መሀሏ ደርቆ ግራጫ፣ ጠርዟ ጥቁር ቡናማ፣ ዙሪያዋም ቢጫ ቀለበት ይሆናል። ብዙ ነጠብጣቦች ሲገናኙ የቅጠሉ ሰፊ ክፍል ይደርቃል። የጥቁሩ ሲጋቶካ ጭረት ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው በቅጠሉ ጀርባ፣ በቡናማ መልክ ነው።

ሌላ ነገር ከሲጋቶካ ጋር እንዳይምታታባችሁ። ታችኛው ቅጠል ነጠብጣብ ሳይኖረው ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ከደረቀ አርጅቷል፣ ወይም መሬቱ ፖታሲየም አንሶታል። ነፋስ የተረተረው ቅጠልም በሽተኛ አይደለም፤ የተረተረ ቅጠል ሥራውን ይሠራል። ቅጠሎቹ ነጠብጣብ ሳይኖራቸው በድንገት ጠውልገው ከታጠፉ፣ ግንዱ ሲቆረጥም ቢጫ መግል የመሰለ ፈሳሽ ካወጣ ግን ነገሩ ከሲጋቶካ እጅግ የከፋ ነው። ያ አጠውልግ ነው፤ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ አገራችን በእንሰት ላይ ተለይቶ የታወቀ፣ በ1974 በሙዝ ላይም መኖሩ የተገለጸ በሽታ ነው። እሱ ተክሉን ይገድላል፣ በገጀራም ይተላለፋል። እሱን ከጠረጠራችሁ ምንም ሳትቆርጡ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጥሩ።

የበሽታውን ጉልበት ለመመዘን ቀላል ዘዴ አለ። ሙሉ በሙሉ የተዘረጋውን የላይኛውን ቅጠል አንድ ብላችሁ ወደ ታች ቁጠሩ። ነጠብጣብ ያለበት የመጀመሪያው ቅጠል ስንተኛው ነው? ስምንተኛ ወይም ዘጠነኛ ከሆነ አብሽሩ፣ ተክሉ ከበሽታው እየቀደመ ነው። አራተኛው ላይ ከሆነ በሽታው እየቀደመ ነው። ይህን ቁጥር በየሁለት ሳምንቱ ደብተር ላይ የሚጽፍ ሰው ከማንም በፊት ያውቃል።

እንግዲህ መከላከሉ። ከሁሉ በላይ የማምንበት ሥራ ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ነው፦ ደረቁን ቅጠል ማውረድ። ግንዱ ላይ የተንጠለጠለው ያ ደረቅ ቅጠል የፈንገሱ ጎተራ ነው። ከፍ ብሎ ስለተሰቀለ ዝናብ ባራሰው ቁጥር ዘሩን ለነፋስ ይሰጣል። መሬት ላይ ሲተኛ ግን ይበሰብሳል፣ ዘሩም ከፍ ብሎ የመብረር ዕድሉ ይቀንሳል። ከግማሽ በላይ የታመመውን ቅጠል ከእግሩ ላይ ቁረጡት። ከግማሽ በታች ከሆነ የታመመውን ክፍል ብቻ ቁረጡና አረንጓዴውን ተዉት፤ ያ አረንጓዴ ክፍል ገና ምግብ ያዘጋጃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዴ ገጀራ ከያዘ ተክሉን ላጭቶ ሁለት ቅጠል ይተውለታል። ዘለላ ላለው ሙዝ እንዲህ ማድረግ ከበሽታው አይሻልም።

የተቆረጠውን በየቦታው ከመበተን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረባችሁ መሬት ላይ አንጥፉት፤ ጉዝጓዝ ይሆናል፣ አረም ይከላከላል፣ እርጥበትም ይይዛል። ብቻ ከግንዱ ሁለት ሦስት ስንዝር ራቅ ይበል፤ ሥሩ ላይ ከተከመረ ለሙዝ ነቀዝ መጠለያ ይሆናል። ላዩ ላይ ትንሽ አፈር ወይም እበት ቢደረግበት ቶሎ ይበሰብሳል። ዘለላው ከተቆረጠለት ተክልም ቅጠሉን ወዲያው አውርዱ። ምሰሶውን ለጊዜው ብትተዉት ለልጆቹ ይጠቅማል፤ ደረቅ ቅጠሉ ግን ለማንም አይጠቅምም።

ይህ በበልግ መግቢያ፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ እንደገናም በሰኔ ክረምቱ ሳይገባ በደንብ መሠራት አለበት። ከዚያ በዝናቡ ወራት በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ መቃኘት ይበቃል። ነፋስ አጥር ስለማያግደው ደግሞ አንድ ግቢ ብቻ ቢያጸዳ ግማሽ ሥራ ነው። ጎረቤት ለጎረቤት በወንፈል አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ቅጠሉ ደረቅ ሲሆን፣ መንደሩን ሙሉ መጨረስ ይቻላል።

ከዚህ የሚከተለው አየር ነው። ፈንገሱ የሚፈልገው እርጥብ ሆኖ የሚቆይ ቅጠል ነው። በየጓሯችን የማየው የሙዝ አተካከል ግን ጠዋት የወረደው ጤዛ እስከ እኩለ ቀን እንዳይደርቅ ሆን ተብሎ የተደረገ ይመስላል፤ ከአንድ ሥር ሰባት ስምንት ግንድ ተጨናንቆ ይቆማል። ከአንድ ሥር ሦስት ይበቃል፦ ዘለላ የያዘችው እናት፣ ቀጥላ የምታፈራው ልጅ፣ ከዚያም የልጅ ልጅ። የቀረው ገና ትንሽ ሳለ ይነሳ። አዲስ ሲተከልም በተክልና በተክል መካከል ሁለት ሜትር ተኩል፣ ሦስት ሜትር ይተው። ውሃ የሚተኛበት መሬት ከሆነ ቦይ ይቀደድለት። በበጋ በጎማ የምታጠጡ ከሆነ ሥሩን እንጂ ቅጠሉን አታርሱት፤ ከላይ የሚርከፈከፍ ውሃ ለፈንገሱ በጋን ክረምት ያደርግለታል።

የተመገበ ሙዝ ቅጠል ቶሎ ቶሎ ስለሚያወጣ ከበሽታው ይቀድማል። ብስባሽና እበት፣ ከጓዳ የሚወጣ አመድም በመጠኑ፣ ይረዱታል። ሙዝ ፖታሲየም በብዛት የሚፈልግ ተክል ነው፤ አመድ ይህን ይዟል።

ከሌላ ሰው ጓሮ ልጅ ስትወስዱ ቅጠሉን ሁሉ መልምሉና ሥሩን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። በሽተኛ ቅጠል ይዞ ከሰፈር ሰፈር መጓዝ ፈንገሱን በእጅ መዝራት ነው። በየቦታው በብዛት የተተከሉት የካቨንዲሽ ወገን የሆኑት ዝርያዎች፣ አጭሩም ረጅሙም፣ ለሲጋቶካ የተጋለጡ ናቸው። ሙዝ ከፍሬው ዘር ሳይሆን ከልጁ ስለሚባዛ ሁሉም የእናታቸው ግልባጭ ናቸው፤ እናቲቱ ያልቻለችውን በሽታ ልጅ አይችለውም። «ጠንካራ ነው» እየተባለ የሚሸጥ የካቨንዲሽ ችግኝ ካጋጠማችሁ ይህን አስቡ።

አንድ ልባችሁን የምፈልግበት ጉዳይ አለ። ዘመን መለወጫ፣ መስቀል፣ መውሊድ፣ ሰርግም ሲደርስ ድፎ ዳቦ ይደፋል። ድፎ ደግሞ ቅጠል ይፈልጋል፤ ኮባ በሌለበት የሙዝ ቅጠል ይቆረጣል። ለዳቦ የሚመረጠው የትኛው ነው? ሰፊው፣ ለስላሳው፣ አንዲት ነጥብ የሌለበት። ያ ማለት ዘለላውን ተሸክሞ የሚያሳድገው ቅጠል ነው። ታማሚው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ጤነኛው ከዳቦው ጋር ምጣድ ይገባል። ዘመን መለወጫና መስቀል ደግሞ የሚውሉት ክረምቱ ቅጠሉን በጨረሰበት በመስከረም ነው። የድፎውን ባህል አልነካም፤ ሽታው ከቤት ቤት ሲሄድ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጠራራበት ያደግሁበት ነው። ቅጠሉን ግን ዘለላው ከተቆረጠለት ተክል ወይም ሊነሳ ካለው ትርፍ ልጅ ላይ ውሰዱ። ዘለላ የያዘውን አትንኩ።

መድኃኒትን በተመለከተ አጠር አድርጌ ልናገር። ማንኮዜብ ቅጠሉን ከላይ ሸፍኖ ዘሩ እንዳይበቅል ያደርጋል፤ ከገባ በኋላ አያወጣውም፣ ዝናብም ያጥበዋል። በስንዴ ዋግ ላይ የሚረጨው ፕሮፒኮናዞል ዓይነቱ ወደ ቅጠሉ ውስጥ ይገባል፤ እሱ ራሱ ግን ተደጋግሞ ከተረጨ ፈንገሱ ይለማመደዋል። በማዕከላዊ አሜሪካ ትልልቅ እርሻዎች ጥቁሩን ሲጋቶካ ለመቋቋም በዓመት ከ40 ጊዜ በላይ የሚረጩ አሉ፤ በሽታው ግን እስከ ዛሬ አብሯቸው አለ። በጓሮ ሦስት አራት ሙዝ ላለው ሰው መርጨት አይመከርም ብዬ በድፍረት እናገራለሁ። ለገበያ የሚያመርት ሰው ከረጨም ለሙዝ መሆኑ በመለያው ላይ የተጻፈበትን፣ በባለሙያ ምክር፣ ጓንትና ጭምብል አድርጎ፣ ዓይነቱን እየቀያየረ ይርጭ። የመርጫውን እጣቢም ወደ ቦርከና አያፍስስ፤ ከታች የሚጠጣ ከብት አለ፣ የሚጠጣ ሰውም አለ።

ደሴ ያላችሁ ደግሞ ሁኔታችሁ ይለያል። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከኮምቦልቻ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አየሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ፣ ሙዝ ቅጠል ማውጣቱን ለወራት ሊያቆም ይችላል። እዚያ በግንብ ጥግ ተጠልሎ የሚበቅለው ሙዝ ሲከሳ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው ብርዱ ነው። የእማማ ጥያቄ ለደሴ ሰው ትክክል ይሆን ነበር።

በጥር መጨረሻ ከእማማ ልጅ ጋር ሆነን ጓሮውን አጸዳን። ከዘጠኙ ግንዶች ሦስቱን ብቻ ተውን፣ ደረቁን ሁሉ አወረድን። በሰኔ ደገምነው። በዚህ ሳምንት እማማ ራሳቸው ከግንዱ ሥር ቆመው በጣታቸው እያመለከቱ ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ ቅጠል፣ ነጥብ የታየው ሰባተኛው ላይ። ዘለላው ገና አልወጣም።